አብዮታይትን ፍለጋ ደባርቅ

ደባርቅን ያላያችሁ ብዙ ናችሁ፤ ይህን አንብባችሁ ትሄዳላችሁ ብዬም አልጠብቅም። ከሄዳችሁ ግን ሁለት ጋቢ ደርቡ። እኔ የድሬዳዋ ልጅ ነኝ፤ በኛ አገር ብርድ የሚባለው የታኅሣሥ ሌሊት አንሶላ ሲያስደርብ ነው። ስለዚህ ስለ ደባርቅ ብርድ ከምለው ግማሹን ለቆላ ልጅ ኩርፊያ ቀንሱልኝ። ስለ ባለሥልጣኖቹ ከምለው ግን አንዲት ቃል እንዳትቀንሱ።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ላብራቶሪ ድንጋይ እመረምር ነበር። አለቃዬ ዶክተር ግርማቸው ይባላል። ስለ ጭቁኑ ሕዝብ ሲናገር እንባ የሚተናነቀው፣ ተላላኪዋ ሻይ ስታዘገይበት ግን ጣራውን በጩኸት የሚያነሳ ሰው ነበር። አንድ ጊዜ ከሰሜን ጉብኝት ሲመለስ አንድ ድንጋይ ጠረጴዛዬ ላይ ጣል አድርጎ፣ “ብዙነሽ፣ ይቺን እስቲ እያት” አለኝ።

ድንጋዩ እንደ ወንፊት የተበሳሳ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። በየቀዳዳው ውስጥ መርፌ የመሰለ ነጭ ነገር በቅሎበታል። እንዲህ ያለው ነጭ መርፌ በስሜን ተራራ ድንጋይ ውስጥ ሞልቷል፤ ዚዮላይት የሚባል የታወቀ ማዕድን ነው። ይህኛው ግን ከዘመዶቹ ጋር አልገጥም አለ። በውስጡ ሊኖር የማይገባ ጨው አለበት፤ ባጥበው ባጥበው አይለቅም። ጨረር ሲያልፍበት የሚሰጠው መስመር የማንንም የታወቀ ማዕድን አይመስልም። የምርመራውን ውጤት ጽፈን ወደ ውጭ ለሊቃውንት ላክን፤ እነሱም እንዲህ ያለ አይተን አናውቅም አሉ። እጄ ላይ የወደቀው ዓለም የማያውቀው ማዕድን ሊሆን ነው።

ግን አንድ ማዕድን አዲስ ነው ለመባል ይህ አይበቃውም። የተገኘበት ቦታ ድረስ ተሂዶ፣ ከነጎረቤቶቹ ታይቶ፣ ከየት እስከ የት እንደሚገኝ ተለክቶ መገለጽ አለበት። ከሁሉ በላይ ተፈጥሮ ብቻዋን የሠራችው መሆን አለበት። የሰው እጅ የገባበት ነገር የፈለገውን ያህል ቢያምር አዲስ ማዕድን አይባልም። ይህ ሁሉ ገና ሳይጣራ ዶክተር ግርማቸው ስም አወጣለት፤ “አብዮታይት” አለው። ለበላይ አካልም ነገረ። በመግለጫው ላይ የኔ ስም ከሱ ስም ቀጥሎ እንደሚገባ ቃል ገባልኝ። በስሙ ሳቅሁበት እንጂ ነገሩን ፈልጌው ነበር፤ ስለ ሌላ ነገር እንቅልፍ አጥቼ አላውቅም። የዓለም ማዕድናት በሚዘረዘሩበት መጽሐፍ ውስጥ የአንዲት የድሬዳዋ ልጅ ስም ሲገባ ታየኝ።

“ቦታው አስቸጋሪ ነው” ብሎ አስጠነቀቀኝ። “እኔ በገመድ ወጥቼ ነው የሰበርኩት።” ዶክተር ግርማቸው አንድ ፎቅ ለመውጣት መሐል ላይ ቆሞ የሚያርፍ ሰው ነው። ቢሆንም አለቃ ነውና ጥሩ ብዬ ተነሣሁ።

የመጀመሪያው ቀን። መሥሪያ ቤታችን ለመስክ ሥራ የተገዛ ላንድሮቨር አለው። በዚያ ሳምንት መስኩ የዶክተሩ ሚስት እህት ሠርግ ሆነና እኔ በአውቶቡስ ተላክሁ። የኛ አገር ባቡር ቢዘገይም እግር ያስዘረጋል፤ በዚህ አውቶቡስ ግን ጉልበቴ ከአገጬ ጋር ተገናኝቶ አባይን ተሻገርን። ደብረ ማርቆስ አደርኩ። የአልጋው አንሶላ ከኔ በፊት የተኙትን ሁሉ ያስታውሳል።

ሁለተኛው ቀን። በየኬላው ውረዱ ተባልን፤ በየኬላው ሻንጣዬ ተበረበረ። አንዱ ጠመንጃ ያነገተ ፈታሽ መዶሻዬን አውጥቶ አገላበጠው።

“ይሄ ለምንድነው?”

“ድንጋይ ልሰብርበት።”

“አገርሽ ድንጋይ የለም?”

መልሴን ሳይጠብቅ መዶሻውን መለሰልኝ፤ የሚበላውን ሙዝ ልጣጭ መሬት ላይ ጣለና አሳለፈን። ሲመሽ ጎንደር ገባን።

ሦስተኛው ቀን። ከጎንደር ወደ ደባርቅ የሚሄደው መኪና ሰው፣ ዶሮና ገብስ በእኩልነት የጫነ ነበር፤ እኩልነትን በዚያ ዘመን ከዚያ ሌላ ቦታ አላየሁም። አምባ ጊዮርጊስ ላይ ገብሱ ወርዶ ሌላ ገብስ ተጫነ። ዳባት ስንደርስ ሞተሩ አጨሰና ሾፌሩ ከሥሩ ገብቶ ተኛ። ነፋሱ ከስሜን ላይ እየወረደ ይገርፈኛል። የለበስኩት ሹራብ ለአዲስ አበባ ክረምት የተሠራ ነው።

መንገድ ዳር ያለ አንድ የጨርቅ ሱቅ ባለቤት ጠሩኝ። ሐጂ ይማም ይባላሉ፤ ጢማቸውን ሂና የነካው ሸምገል ያሉ ነጋዴ ናቸው። “ነይ ግቢ ልጄ፤ የቆላ ሰው ነሽ መሰል፣ ከንፈርሽ ተተለተለ” አሉኝ። ከኋላ ካለው ክፍል ከሰል አስመጥተው አጠገቤ አስቀመጡልኝ፤ ከመደርደሪያ ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ አውርደው ትከሻዬ ላይ ጣሉ። ሊሸጡልኝ ነው ብዬ ቦርሳዬን ጨበጥኩ።

“ተይው” አሉኝ። “ስትመለሽ ትጥይልኛለሽ።”

“ሳልመለስ ብቀርስ?”

“ያኔ ለነፍሴ ይሆናል።”

ጎን ካለው ሻይ ቤት ሽሮ አስመጡልኝ። ቀመስኩት፤ ጨው የለውም። ቅር እንዳለኝ አይተው ሳቁ። “ጨው በትግራይ በኩል ነበር የሚመጣልን። መንገዱ ተተዘጋ ወዲህ በቀበሌ በኩል ነው፤ እሱም ተመጣ ነው። እኔ ራሴ ድሮ ጨው ነጋዴ ነበርኩ። ዛሬ ቤቴ ጨው ቢገኝ ደባቂ ተብዬ እታሰራለሁ።” በኛ አገር ጨው ከባቡሩ ሲራገፍ የፈሰሰው በመጥረጊያ ተጠርጎ ይጣላል። ይህን አልነገርኳቸውም፤ በሰው ችግር ላይ መኩራት መሰለኝ። መኪናው ተጠግኖ ደባርቅ የደረስነው ለሰዓት እላፊ ጥቂት ሲቀረው ነው።

አራተኛው ቀን። የደባርቁ ሆቴል ከክፍሎቹ ይልቅ ስሙ ይሰፋል። ቁንጫዎቹ ብርዱን ለምደውታል፤ እኔን ግን አዲስ መጤ ነኝ ብለው ተሰልፈው ተቀበሉኝ። ጠዋት በሳፋ ያደረውን ውሃ ልታጠብበት ስል ላዩ ስስ በረዶ ሠርቷል። ቁርሱ ጨው የለውም፤ ምሳውም እንደዚያው።

የወረዳው ካድሬ ጓድ ተሻለ ይባላል። ቁመቱ አጭር፣ ኮቱ ረዥም ነው። የኔን መምጣት በጉጉት ሲጠብቅ ኖሮ እጄን ይዞ ወደ ግቢው ጓሮ ወሰደኝና አንድ ትልቅ የቆርቆሮ ሰሌዳ አሳየኝ። በቀይ ቀለም “የአብዮታይት ማዕድን ክልል፤ ማለፍ ክልክል ነው” ይላል። ቀለሙ ገና አልደረቀም።

“ጓድ፣ ማዕድኑ መኖሩ እኮ ገና አልተረጋገጠም” አልኩት።

“አንቺ ታረጋግጫለሻ! ለምን መጣሽ ታዲያ?”

ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ፤ ይሄኛው ግን ወተቱን አስንጦ ቅቤውን ደልድሎ ጨርሷል። አለቱ ይታጠራል፤ ጠባቂ ይቆምለታል፤ አጠገቡ ያሉት ጥቂት ቤቶች “ለራሳቸው ደኅንነት” ተነሥተው መንገድ ዳር ይሠፍራሉ። ለበዓሉ ደግሞ ከላይ እንግዳ ይመጣል። “ሰዎቹስ ምን አሉ?” ስለው “ገና አልነገርናቸውም፤ ደስ ይላቸዋል” አለኝ። ከዚያ ወደ በሩ ወጥቶ ገብሱን ሸጦ ወደ ቤቱ ሊመለስ በቅሎውን የሚጭን አንድ ገበሬ ጠራና “ይቺን ጓድ ይዘህ ሂድ፤ ያንተ መንደር ናት የምታድረው” አለው። ገበሬው አያ ካሴ ይባላሉ። የበቅሎዋን ጭነት ፈትተው በራሳቸው ትከሻ ተሸከሙና እኔን አስቀመጡኝ።

ጉዞ ጀመርን። የታጨደው የገብስ ማሳ እስከ ገደሉ አፍ ይደርሳል፤ ከገደሉ አፍ ወዲያ አገሩ ድንገት ያልቃል። ጭላዳ ዝንጀሮዎች ሣር እየነቀሉ በንቀት አዩኝ። ያ ሁሉ ሰው ሊያየው የሚመኘው ተራራ ፊቴ ተደርድሯል፤ እኔ የማየው የበቅሎዋን ጆሮ ነበር፤ ጆሮዋ ሲቆም ልትጥለኝ ነው እያልኩ።

“እንደው እርስዎ ያን ድንጋይ ምን ሊያደርጉት ነው?” አሉኝ አያ ካሴ በስተመጨረሻ።

“ስም ልሰጠው ነው።”

“ስም ብቻ?”

“ስም ብቻ።”

ጥቂት ተራመዱ። “የበኩር ልጄንም መጀመሪያ ስሙን ነው የጻፉት” አሉ።

ልጃቸው ተመልምሎ ወደ ጦር ሜዳ ከሄደ ወዲህ ወሬው አልተሰማም። ይህን የነገሩኝ ከዚያ በኋላ ብዙ መንገድ ሄደን ነው።

ቤታቸው ስንደርስ ባለቤታቸው እትዬ ይታይሽ በሁለት እጃቸው ፊቴን ይዘው ሳሙኝ። “ኧረ በስመ አብ! ይችን ልጅ ብርድ ፈጃት” ብለው እግሬን በሙቅ ውሃ አጠቡ፤ እምቢ ብልም አልሰሙኝም። የመንግሥት ሰው እንጀራቸውን ሊበላ፣ በጋቸውን ሊያሳርድ፣ ወንድ ልጃቸውን ሊወስድ እንደሚመጣ ያውቃሉ። ቢሆንም እንግዳ እንግዳ ነው። እራት ቀረበ። የባቄላ ሽሮ፣ የገብስ እንጀራ። አንድ ጊዜ ጎረስኩና ቀና አልኩ፤ ጨው አለው! ከጎንደር ወዲህ ምላሴ ያጣው ጨው። አላፈርኩም፤ አንድ ገበታ ሙልጭ አድርጌ በላሁ። “አፈር ስሆን ይችን ብቻ” እያሉ እትዬ ይታይሽ ደጋግመው አጎረሱኝ። ለራሳቸው ከሌላ ድስት ቀንሰው ነበር የሚበሉት፤ ከዚያኛው ልቅመስ ብዬ እጄን ሰደድኩ። አልጫ ነው፤ ጨው አልነካውም።

“እትዬ፣ ጨው ከየት አገኛችሁ? ከተማው ውስጥ እንኳ የለም እኮ።”

ባልና ሚስት ተያዩ። “ተጎረቤት ነው የኔ ልጅ” አሉ እትዬ ይታይሽ። ጎረቤት እንደዚያ በፍርሃት ሲጠራ ሰምቼ አላውቅም።

አምስተኛው ቀን። ጠዋት አያ ካሴ ወደ አለቱ ወሰዱኝ። ገመድ በትከሻዬ ይዤ ነበር፤ ዶክተሩን ሰምቼ። አለቱ የከብት መንገድ ዳር ነው! ከቤቱ ደጃፍ ቢጠሩ ይሰማል። ጥቁር፣ ሰፊ፣ እንደ ግድግዳ የቆመ፤ ከሥሩ እስከ ራሴ ከፍታ ድረስ ደግሞ እንደ ምንቸት ተወልውሎ የሚያበራ።

“ዶክተሩ በገመድ ነው የወጡት?” አልኳቸው።

“የምን ገመድ? በቅሎዋ ላይ ተቀምጠው እኔ ነኝ ሰብሬ ያቀበልኳቸው።”

መዶሻዬን አነሣሁ። የመጀመሪያውን ስመታ አያ ካሴ ጥርሳቸው እንደታመመ ሰው ፊታቸውን አጨማደዱ። የወጣው ድንጋይ ላብራቶሪ ያለው የዚያ የመጀመሪያው ወንድም ነው፤ ነጩ መርፌ በየቀዳዳው ቆሟል። በአለቱ ግራ ሰበርኩ፣ አለ፤ በቀኝ ሰበርኩ፣ አለ። አሁን ከየት እስከ የት እንደሚሄድ ማየት አለብኝ ብዬ በቅሎዋን ከቤት አስመጣሁና ላይዋ ወጥቼ ከራሴ በላይ ያለውን መታሁ። እዚያ ያለው መርፌ ሌላ መልክ አለው፤ በስሜን ሁሉ የሞላው፣ ማንም የሚያውቀው ተራው ዚዮላይት ነው። ሌላ ቦታ መታሁ፣ ያው። ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር ፈተሽኩት። ከተወለወለው መስመር በታች አዲሱ ማዕድን፣ ከመስመሩ በላይ ተራው ድንጋይ። ተፈጥሮ እንዲህ በማስመሪያ የምትሠራው ለምንድነው? ስለ ሙቀት አሰብኩ፣ ስለ ከርሰ ምድር ውሃ አሰብኩ፤ መግለጫው ውስጥ የምጽፈውን የረቀቀ ዓረፍተ ነገር እያዘጋጀሁ ነበር።

በዚህ መሐል ከብቶቹ ወደ ግጦሽ ሊወጡ መጡ። አንድ ቀይ በሬ በትከሻው ገፋ አድርጎ ከቦታዬ አስነሣኝ። አንገቱን ዘረጋ፤ ምላሱን አወጣና ግድግዳውን ከታች ወደ ላይ ላሰው። ሌሎቹም ተሰለፉ። ምላሳቸው እስከሚደርስበት ድረስ ይልሳሉ። ምላሳቸው የሚደርሰው እስከ መስመሩ ድረስ ነው።

ያቺን ሰዓት እስካሁን አልረሳትም። የሰበርኩትን ድንጋይ አንሥቼ ምላሴ ላይ አደረግኩት። የትናንት ማታው ሽሮ ነው።

“አያ ካሴ፣ እውነቱን ንገሩኝ።”

መጀመሪያ ዙሪያውን ቃኙ። ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጡ። “ያባቶቻችን ወግ ነው” አሉ። “ላሙ የወለደችለት፣ ልጁን የዳረ፣ ተሩቅ አገር በደኅና የገባ ሰው ጨው በውሃ በጥብጦ እዚህ አለት ላይ ያፈሳል። ለራሱ ከብት ብቻ ጨው የሚሰጥ ሰው ንፉግ ነው ይባላል። እዚህ ያፈሰሰው ግን የኔ ከብት ያንተ ከብት ሳይባል ሁሉም ይልሰዋል። አለቱም ጨው ይወዳል፤ ዝናብ ሲመጣ አይለቀውም። እንግዲህ ጨው ሲጠፋ እኛም መጣንበት። ቀዳዳውን ፍቀን፣ ቀቅለን፣ አጥልለን ወጥ ላይ ጠብ እናደርጋለን። ተከብት አፍ ነጥቆ መብላት ነው፤ ነውር ነው። ምን እናድርግ?”

“ዶክተሩ በሬዎቹ ሲልሱ አላዩም?”

“አይተዋል እንጂ። ‘ምን ሆነው ነው?’ አሉን። ጨው ነው ብንል ደበቃችሁ ተብለን እንታሰራለን። ተዚያ ማዶ አንድ ሰው ጎተራው ውስጥ ጨው ተገኝቶበት ይኸው እስተዛሬ አልተፈታም። ‘ጠምቷቸው ነው፤ አለቱ ጤዛ ይይዛል’ አልናቸው።”

“አመኑ?”

“ኧረ ጻፉት!”

ሳቅሁ። እንዲያ ስቄ አላውቅም። አብዮታይት ማለት የስንት ዘመን አሞሌ ጨው ድንጋይ ውስጥ ገብቶ የቀረ፣ ከሥር እስከ በሬ ምላስ ከፍታ የሚገኝ ነገር ነው። የሰው እጅ ገብቶበታል፤ የበሬም ምላስ። አዲስ ማዕድን አይደለም። የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል ይባላል። እኔ ሁለቱንም አደረግኩ፤ ልሼ ነበር፣ ሳቁ ሲያልቅብኝ ደግሞ በሬዎቹ መሐል ቆሜ አለቀስኩ። ያን ድንጋይ በማጠብ ያጠፋሁት ጊዜ ትዝ አለኝ፤ ስሜ ሊገባበት የነበረው መጽሐፍ ትዝ አለኝ። አያ ካሴ ለቅሶዬን ለነሱ መስሏቸው “ይተዉ እርስዎ፣ እግዜር ያውቃል” እያሉ ያጽናኑኝ ጀመር። አላረምኳቸውም።

ከዚያ ነው የባሰው የታየኝ። አዲስ ማዕድን ነው ብል፣ ቆርቆሮው ይተከላል፣ አለቱ ይታጠራል፣ እነዚህ ቤቶች ይነሣሉ። እውነቱን ብናገር፣ ጨው ነው ብል፣ ጓድ ተሻለ ማዕድን ያጣ ጊዜ ደባቂ ያገኛል፤ አያ ካሴ ማዶ ካለው ሰውዬ አጠገብ ይታሰራሉ። “ጨው ሆይ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል” ብለው የተረቱት ደህና ዘመን ያዩ ሰዎች መሆን አለባቸው። የዚህ መንደር ጨው የሚተርፈው ድንጋይ ነህ ከተባለ ብቻ ነው። ታዲያ ላብራቶሪ ውስጥ የተገኘውን ጨው ማን ይውሰደው? አንድ ሰው መውሰድ አለበት። እዚያ አለት ሥር ከኔ ሌላ ላብራቶሪ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ስድስተኛው ቀን። እትዬ ይታይሽ ገና ሳይነጋ ቆሎ ቆልተው በጨርቅ ቋጠሩልኝ። ምን እንደወሰንኩ አልነገርኳቸውም። እሳቸውም አልጠየቁኝም፤ እንግዳ ሲሸኝ አይጠየቅም መሰለኝ። ከሻንጣዬ ውስጥ ከመስመሩ በታች የሰበርኩትን ድንጋይ በሙሉ አውጥቼ እዚያው ጣልኩ፤ የላዩን ተራውን ብቻ ይዤ ደባርቅ ወረድኩ።

ጓድ ተሻለ ሰሌዳውን የሚሸከሙ ሰዎች አዘጋጅቶ ጠበቀኝ።

“ተራ ድንጋይ ነው ጓድ” አልኩና ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩለት። “ስሜን ሙሉ ያለ ነገር ነው።”

“ዶክተሩ ልዩ ጨው አለበት ብለውኛል እኮ!”

“ጨው የመጣው ከኔ ነው።”

“ካንቺ?”

“ዕቃውን በደንብ አላጠብኩትም። ምሳዬን የበላሁበትን ሳህን አጠገቤ አስቀምጬ ነበር የምሠራው። የምሳዬ ጨው ነው የተለካው።”

እንዲህ ስል ጆሮዬ ድረስ ነደደኝ። እኔ ነኝ! ሌላው ያልታጠበ ማንኪያ ቢያስገባ ጉድ የማፈላው፣ በሥራዬ እንከን የለም ብዬ አገሩን ሁሉ የምንቅ። የጓድ ተሻለ ፊት ጠቆረ። የሀዘኑ ምክንያት ድንጋዩ አልነበረም። “ቀለሙንስ?” አለ። “ይህን ሁሉ ቀይ ቀለም!” በኋላ እንደሰማሁት ሰሌዳውን ገልብጦ በጀርባው የሕዝብ ሽንት ቤቱን አቅጣጫ አስጻፈበት። በሥልጣን ዘመኑ ለሰው የጠቀመ ሥራ ሲሠራ የሰማሁት እሱን ብቻ ነው።

ሰባተኛው ቀንና የቀረው። ዳባት ላይ ወርጄ ለሐጂ ይማም ብርድ ልብሳቸውን መለስኩ። አጣጥፈው አሽተቱትና “የገጠር ጭስ ሸተተ፤ በደኅና አድረሻል ማለት ነው” አሉኝ። “ሥራሽ ተሳካ?” ሲሉኝ “አልተሳካም” አልኩ። “አልሐምዱሊላህ ብለሽ ግቢ፤ በዚህ ዘመን የሚሳካውን እያየን ነው” አሉኝ። የቀረውን መንገድ ቆሎዬን እየቆረጠምኩ ተጓዝኩ። ኬላው ላይ ያው ፈታሽ መዶሻዬን አየና “ሰበርሽ?” አለኝ። ሰበርኩ አልኩት።

አዲስ አበባ ስገባ ወሬው በስልክ ቀድሞኛል። ዶክተር ግርማቸው የበላይ አካል ፊት የሚያቀርበው ጥፋተኛ ፈልጎ ነበርና ሳይደክም አገኘኝ። ስሜ በመጽሐፉ አልገባም፤ በማስጠንቀቂያ ግን ገባ። የመንደሩን ስም ዛሬም ያልጻፍኩት ረስቼው አይደለም፤ መንግሥት ይለወጣል፣ የካድሬ ዓይነት ግን አያልቅም።

በደረስኩ ማግስት ዶክተሩ የላብራቶሪውን ሠራተኛ በሙሉ ቧንቧው ዙሪያ ሰበሰበ። “ጓዶች፣ ሳይንስ ማለት ንጽሕና ነው” ብሎ ጀመረ። በገመድ ወጥቶ ስላመጣው ድንጋይ፣ አንዲት ሰነፍ ሠራተኛ ስላበላሸችው የአገር ክብር ብዙ ተናገረ። በዕድሜው አንድ ብርጭቆ አጥቦ የማያውቀው ሰውዬ አንድ ብርጭቆ አንሥቶ እጄ ላይ አስቀመጠ።

“እስቲ ጓድ ብዙነሽ፣ ዕቃ እንዴት እንደሚታጠብ አሳዪን።”

አጠብኩ። ተቀብሎኝ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣውና ዓይኑን አጥብቦ ተመለከተው። ብርጭቆው ከመጀመሪያውም ንጹሕ ነበር፤ ከጉዞዬ በፊት በገዛ እጄ ያጠብኩት ነው። በሬ የላሰውን ነው የሰየምከው ልለው አፌ ድረስ መጣ፤ ቃሉን ጥርሴ ላይ ይዤው ቆምኩ።

“ደግመሽ” አለኝ።

ደግሜ አጠብኩ።